ስለ ማንኩሳና ስለ አንድ ታላቅ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን ለዚህ በዓል እንድናገርበት የሰጠኝ አርእስት ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። መጽሐፉም ሁለት ነገር እንዲያሟላ ተጠይቋል። አንደኛው፣ የውጭ ሊቃውንት «ምትሃታዊ እውነታ» ከሚሉት የአጻጻፍ ስልት ጋር የሚዛመድ እንዲሆን፤ ሁለተኛው፣ ከቅኝ አገዛዝ ከወጡት አገሮች ሥነ ጽሑፍ ጋር ሊነጻጸር የሚችል እንዲሆን ነው። ይህን ስትሰሙ ወደ ደቡብ አሜሪካ ወይም ወደ ሕንድ አገር ልወስዳችሁ መስሏችሁ ሳትሰጉ አልቀራችሁም። አትስጉ። የምወስዳችሁ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ በሚሄደው መንገድ ነው፤ ቡሬም ሳንደርስ እንወርዳለን።

የምንወርደው ማንኩሳ ነው። ከእኛ መካከል ማንኩሳን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ የሚያውቃት ብዙ ነው፤ ረዳቱ «ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ይወርዳሉ፣ መኪናው ጉዞውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው በዚህች ስፍራ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ሰምቶ ያለቀሰበት መጽሐፍ ነውና ስለ ዝናው ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

ነገር ግን አንድ የታዘብሁት ጉዳይ አለ። ስለዚህ መጽሐፍ ተማሪ ቢጠየቅ የሚያወራው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻና ስለ ጉዱ ካሣ፣ ማለት ዲማ ጊዮርጊስ ላይ ስለሚሆነው ነገር ነው። የማንኩሳውን መክፈቻ ግን እንደ ቤት ደፍ ተራምዶት ያልፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ሦስቱን ሰዎች በአንድ መቃብር የሚያጋድመው ነገር የተዘራው ማንኩሳ ላይ ነው።

ስለ ደራሲው ጥቂት ልበል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ወርደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተዋል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተው፣ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው፣ በኢጣልያ አገር በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይና በአምባሳደርነት፣ በትምህርት ሚኒስትርነትም አገልግለው በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል። ይህን ያወሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅኔ ቤትንም፣ የነጮችን ትምህርት ቤትም፣ የነጮችን እስር ቤትም ያየ ሰው መጽሐፉን በየት በኩል ይከፍታል ብላችሁ ታስባላችሁ?

የከፈተው በአንዲት ገፊ በተባለች ሴት ነው።

ውድነሽ በጣሙ ሀብት ያላት የማንኩሳ ሴት ናት። ያገቧት ባሎች እየሞቱ አለቁባት። ወላጆቻችን እንደምታውቁት በእኛ አገር አንድ ባል ሲሞት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይባላል፤ ሁለተኛው ሲሞት ከለቅሶ የሚመለሰው ሰው በመንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ድምፁን ዝቅ ማድረጉም ይቀርና «ገፊ ናት» የሚለው ቃል ከስሟ ጋር ተጣብቆ አብሯት ገበያ ይወጣል። ኮከቧ አይገጥምም ይባላል፤ ዛር ወይም ጋኔን ተጠግቷታል ይባላል። ደብተራው የእርሷንና የሰውየውን ስም ከነእናቶቻቸው ስም በፊደል ቆጥሮ አውደ ነገሥቱን ይገልጣል፤ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለችን ሴት፣ ሀብቷ ምንም ያህል ቢያስጎመጅ፣ ለማግባት የሚደፍር ወንድ አይገኝም። ከኑሮ ደረጃዋ በታች የነበረው ቦጋለ መብራቱ ግን አገባት፤ አልሞተም። በዛብህም ተወለደ።

እስቲ ይህን ታሪክ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው እንዲያነበው ስጡት። «ባሎችዋን የሚገድል መንፈስ ያለባት ሴት! ይህማ ምትሃታዊ እውነታ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የኮሎምቢያው ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና ከዚህ ስልት መጻሕፍት ሁሉ ስሙ የገነነው «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ማኮንዶ በምትባል መንደር ይጀምራል። በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሰው የሚደነቀው ዘላኖች ባመጡት ማግኔትና በረዶ ነው፤ ሙታን መጥተው ከሕያዋን ጋር ቢነጋገሩ ግን ማንም እንደ ታላቅ ነገር አይቆጥረውም። የስልቱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ተራውን ነገር እንደ ተአምር፣ ተአምሩን እንደ ተራ ነገር መተረክ ነው። ማኮንዶ በካርታ ላይ የማትገኝ የደራሲው ፈጠራ ናት፤ ማንኩሳ ግን በአውቶቡስ የሚሄዱባት አገር ናት። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እንዲህ ያለውን አተራረክ ለመማር ባሕር መሻገር የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ ሄዶ ጠበል የተጠመቀ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። አቡነ ዘርዐ ብሩክ በተያዙ ጊዜ መጻሕፍቶቻቸውን ለውሃው አደራ ሰጡት፤ ከእስር ተፈተው መጥተው በጠየቁ ጊዜም ውሃው ሳያርስ መለሰላቸው፤ እንዲያውም አቧራቸውን አራግፈው ተቀበሉ ይባላል። ይህንን ያጫወቱን ሽማግሌዎች ሲናገሩ ድምፃቸውን ለመለወጥ እንኳ አይሞክሩም፤ የበሬ ዋጋ በሚናገሩበት አንደበት ይናገሩታል። በተለይ ስለ አቧራው የተጨመረችውን ነገር ልብ በሉ። ሳይርስ ተመለሰ ማለት ይበቃ ነበር፤ አቧራው ግን ሰሚውን ያስገድደዋል። ማንም ደራሲ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይሰጠንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እደርሳለሁ። እኛ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ምዕራፍ ስናነብ ሁለት ዓይነት ፈተና ይገጥመናል። አንደኛው መሳቅ ነው። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ዛርንና ጠንቋይን መናቅ እንደ ፊደል ተምረናል። ስለዚህ «ገፊ» የሚለውን ቃል ሲያነብ የእኛ ቢጤ ተማሪ ከንፈሩን ይመጥና «የድንቁርና ዘመን» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ አሁን አሁን በከተማ ወጣቶች ዘንድ የሚታይ ነው። የጥንቱ ሁሉ ውብ፣ የጥንቱ ሁሉ ጥበብ ነው በማለት ተንበርክኮ ማድነቅ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ከውድነሽ በጣሙ ዐይን ይሸሻሉ። የሚስቀውም የሚያደንቀውም ሴትዮዋን አላያትም።

በእንዲህ ያሉ ሴቶች ላይ ምን እንደ ደረሰ እንመርምር። ባሎቻቸውን ማን ገደለ? ከብር ሸለቆ ጀምሮ ባለው ቆላችን ወባ ምን ያህል ሰው እንደ ፈጀ አያቶቻችን ያውቃሉ። በ1958 እ.ኤ.አ.፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ፣ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ በፊት ተስቦም፣ ፈንጣጣም፣ የኅዳር በሽታም ነበረ። ለአዝመራ ቆላ ወርዶ በትኩሳት ተይዞ የሚመለስ ባል ሚስቱ እቅፍ ውስጥ ይሞታል። ትንኟን ያየ የለም፤ ሚስቱን ግን ሁሉ ያያታል። ስለዚህ ፍርዱ በምትታየው ላይ ተፈረደ።

ሌላም ልጨምር። ልጅ እየወለደች የሚሞትባትን ሴት አገራችን «ሾተላይ አለባት» ይላል። ሾተላይ ሰይፍ እንደያዘ ክፉ መንፈስ ይፈራ ነበር። ዛሬ በባዮሎጂ መጽሐፋችን እንደምናነበው ከዚህ ስም በስተጀርባ ካሉት ምክንያቶች አንዱ የደም ዓይነት አለመስማማት ነው፤ የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ወሊድ የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጃል፤ ጉዳቱም በሚቀጥሉት ልጆች ላይ ይወርዳል። የመጀመሪያው ልጅ ደኅና ሆኖ ኋለኞቹ መሞታቸው ነበር ሰዉን ያስደነቀው። ይህን የሚከለክለው መርፌ በዓለም ላይ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ያዩት ነገር ውሸት አልነበረም ማለት ነው። አይተዋል፣ ቆጥረዋል፣ ስምም አውጥተውለታል። የተሳሳቱት ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ላይ ነው። ከሞቱት ቀጥሎ ለሚወለደው ልጅ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚሉትን ስሞች ያወጡ እናቶች በዚህ መካከል ኖረዋል። ከእኛም መካከል በእነዚህ ስሞች የሚጠሩ አሉ፤ ስማቸው ሲጠራ ሌላ ስም ከኋላው እንደሚሰማ ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። የናይጄሪያው ቺንዋ አቼቤ በ1958 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ኤክዌፊ የምትባል እናት ከወለደቻቸው 10 ልጆች 9ኙ ሞተውባት ኤዚንማ ብቻ ትተርፍላታለች። የኢግቦ ሰዎች እየሞተ ተመልሶ የሚወለደውን እንዲህ ያለውን ልጅ ኦግባንጄ ይሉታል። (የአቼቤና የክቡር ሐዲስ መጻሕፍት ሁለቱም «በ58» መታተማቸው ያስገርማል፤ ግን የእርሱ በፈረንጅ፣ የእኛ በሀበሻ አቈጣጠር ስለ ሆነ በመካከላቸው ወደ 8 ዓመት ያህል አለ።) ሁለቱ ደራስያን ሳይተዋወቁ ከአንድ ቤት ገቡ፤ የሕፃን ሞት የሚፈራበት ቤት ነው።

በዛብህም ሕፃን ሳለ ታሞ ሞት አፋፍ ላይ ደረሰ። ወላጆቹም ተሳሉ። ልጁ ከዳነ ዕድሜውን ሙሉ የእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን፣ ዓለማዊ ኑሮ እንዳይኖር ቃል ገቡ። ልጁ ዳነ፤ ስለቱም ተያዘ። እኔ መጽሐፉን ደጋግሜ ባነበብሁ ቍጥር ከዚህ ላይ ሳልቆም አላልፍም። ቦጋለና ውድነሽ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከዚያ ሁሉ ሐሜትና ብቸኝነት በኋላ አንድ ልጅ ያገኙ ሰዎች ናቸው፤ ሌላ የሚሰጡት ስላልነበራቸው ራሱን ልጁን ሰጡ። ነገር ግን የተሰጠው ልጅ አልተጠየቀም። ሊጠየቅም አይችልም፤ ገና ጡት የሚጠባ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዲማ ላይ ሰብለ ወንጌልን ሲያፈቅር ከመሳፍንቱ ኩራት አስቀድሞ የሚፈራው ያንን የማንኩሳ ቃል ነው። ፊታውራሪ መሸሻን ሸሽቶ ማምለጥ ይቻላል፤ እናት በጭንቀት ሌሊት የተናገረችውን ቃል ግን ወዴት ሸሽተው ያመልጡታል?

በእኔ ሐሳብ የምዕራፉ እውነተኛ ምትሃት ይህ ነው። መንፈሱ ይኑር አይኑር ደራሲው አያስጨንቀውም። ቃል ግን ሥጋ ለብሶ ይሄዳል። «ገፊ» የሚለው ቃል የአንዲትን ሴት በር ይዘጋል፤ «ተስለናል» የሚለው ቃል የአንድን ወጣት ሕይወት ይመራል። ሁለቱም የማይታዩ፣ የማይዳሰሱ ሲሆኑ ከጦር የበለጠ ይወጋሉ። ይህንን ለማሳየት የሚበር ምንጣፍም ሆነ የሚናገር እንስሳ አላስፈለገውም።

ወላጆቻችን ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አድርጌ አንድ ነገር ልናገር። ስለት ዛሬም አለ፤ መልኩን ብቻ ለውጧል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሚማሩት ጓደኞቼ መካከል ሲወለዱ «ሐኪም ይሁንልኝ» ተብሎ የተወሰነባቸው፣ የሒሳብ ነጥባቸው ግን ለዚህ ምስክር የማይሆን ጥቂት አይደሉም። የበርበሬና የበቆሎ ገንዘብ ተቆጥቦ፣ ጥጃ ተሸጦ የሚላክ ልጅ በጫንቃው ላይ የተሸከመው ደብተር ብቻ አይደለም። ይህንን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ቦጋለና ውድነሽም በፍቅር ነው ያደረጉት። ግን በዛብህን አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ አድርገው «ልጄ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ቢሉት ኖሮ መጽሐፉ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ።

የቅኝ አገዛዝን ነገር አልዘነጋሁም። ከጠቀስሁት ከአቼቤ መጽሐፍ ጀምሮ በብዙዎቹ የአፍሪካ ልብ ወለዶች ነጩ ሰው ወደ መንደሩ ይመጣል፤ ሚሲዮናዊው ወይም የወረዳ ገዢው ሲደርስ ነገር ሁሉ ይፈርሳል። በማንኩሳው መክፈቻ ግን ነጭ የለም። ይህ የሆነው ማንኩሳ ነጭ ስላላየች አይደለም። ኢጣልያኖች በቡሬም በማንኩሳም ምሽግ ሠርተው ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጌዴዎን ጦር የተባለው ኃይልና አርበኞቻችን ከዚህ መንገድ ላይ ገጥመዋቸው ጠላት ቡሬን ለቆ፣ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አፈግፍጓል። ደራሲው በዚያን ጊዜ በጠላት አገር እስረኛ ነበሩ። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው በማንኩሳ ላይ ሲጽፉ ምሽጉን ትተው የውድነሽን ቤት መረጡ።

አንዳንድ ሰው ይህንን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ትልቅ ድፍረት አድርጌ እመለከተዋለሁ። ለመከራችን ሁሉ ባዕድን መክሰስ በቀለላቸው ነበር፤ ለዚያውም በሰንሰለት ያሠራቸውን ባዕድ! እርሳቸው ግን ባዕድ ከመምጣቱ በፊት እርስ በርሳችን ምን እንደ ተደራረግን ጠየቁ። አምስት ዓመት የተወረረ እንጂ በቅኝ ያልተገዛ አገር ደራሲ ክርክሩ በይበልጥ ከራሱ ወገን ጋር ነው፤ ከጌታው፣ ከቄሱ፣ ከባለጸጋው፣ ከለቅሶ መልስ ከሚያንሾካሹከው ጎረቤትም ጋር።

በዚህ በኩል ክቡር ሐዲስ ብቻቸውን አልነበሩም። የአቸፈሩ ተወላጅ አቤ ጉበኛ ከእርሳቸው ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» ገና በማኅፀን ያለ ልጅ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ከእናቱ ጋር ይከራከራል። ምትሃት ከተባለ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። የሕንዱ ተወላጅ ሰልማን ሩሽዲ በነጻነት እኩለ ሌሊት የተወለደውን ልጅ ታሪክ ለዓለም ያቀረበው በ1981 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የእኛ ልጅ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ ሳይወለድ ተናግሯል። መጽሐፉም ወዲያው ታገደ። አንዱ የጎጃም ደራሲ ሳይጠየቅ የተሰጠ ልጅ ጻፈ፤ ሌላው ሳይወለድ የተጠየቀ ልጅ ጻፈ። ሁለቱን አጎራብቶ ያነበበ ተማሪ ብዙ ይጠቀማል፤ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊም ሁለቱን ባንድ መደርደሪያ ቢያኖሩልን እንወዳለን።

በመጨረሻ ለእንግዶቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከማንኩሳ፣ ከጅጋ፣ ከቡሬና ከቋሪት ድረስ በእግርም በመኪናም የመጣችሁ እናቶችና አባቶች አላችሁ። ገፊ ስለ ተባለች ሴት፣ ሾተላይ ስለ ተባለ የሕፃናት ሞት፣ ወይም በልጅ ስለ ተገባ ስለት የምታውቁት ካለ፣ የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን አባሎች ከስፖርቱ ውድድር በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ደብተር ይዘው ይቆያሉ። የሰው ስም አንጽፍም። ይልቁንም አያቶች ቢናገሩልን ደስ ይለናል፤ ወንበርም ተዘጋጅቷል። ባሎቿ ሞተውባት ገፊ የተባለች፣ ቦጋለ መብራቱን የመሰለ ሰውም ሳይመጣላት የቀረች ሴት የምታውቁ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ኖረች ንገሩን። መጽሐፉ የማይነግረን እርሱን ነው።